የአባቴን ጉልበት ለመሳም፦ ከኪሱጉ እስከ ካምዎክያ

ጠዋት ካምፓላ፣ ኪሱጉ ካለው ቤታችን ወጣሁ። የምሄደው ካምዎክያ፣ ወገቤን የምታክመኝ ፊዚዮቴራፒስት ናካቶ ዘንድ ነው። ባለቤቴ ደግሞ አባቴን ሊቀበል ኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል። አባዬን ካየኋቸው ዓመታት አልፈዋል። ስንገናኝ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን መሳም አለብኝ፤ ወገቤ ከታመመ ወዲህ ግን መጎንበስ እንደ ገደል ያስፈራኛል። የዛሬው መንገድ ለዚሁ ነው።

ከበራችን ፊት ለፊት የሚቆመው የቦዳ፣ ማለትም የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ነጂ ሞተሩን አስነሳ።

«ማዳም፣ እንሂድ?»

«ዛሬ በእግሬ ነኝ።»

«ባለፈው እኮ ሁለት ሰው ደግፎሽ ነበር!»

«እሱ ባለፈው ነው» አልኩትና የሌሊቱ ዝናብ ያቦካውን ቀይ ጭቃ እየዘለልኩ ወደ ታክሲው ወረድኩ።

ታክሲው የመኪና ጃም ውስጥ ሲቆም ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ዘለላ ማቶኬ፣ የሚቀቀለውን ሙዝ፣ ከመኪና ሳወርድ ነበር ቀጥ ብዬ የቀረሁት። ወሬው እንደተሰማ የካምፓላ ሐበሻ ጭማቂና ሙዝ እየያዘ ሊጠይቀኝ ጎረፈ። ልነሳ ስል «በእግዜር! አትነሺ!» ይሉኛል። አንዱ ፍራሹን መሬት ላይ አስወረደው፤ አንዷ ወገቤን በነጠላ ጠፍራ አሰረችው። ወገኖቼን እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን በፍቅር ብዛት አልጋ ላይ አስቀሩኝ። በተኛሁ ቁጥር ወገቤ ይበልጥ ይደርቅ ነበር።

ናካሴሮ

ገበያው ጋ ወርጄ ለአባዬ አናናስና አቮካዶ ገዛሁ። ሻጯ አንድ ፌስታል ውስጥ ስትጨምረው «በሁለት ፌስታል አድርጊልኝ» አልኳት። ሁለቱን በሁለት እጄ ወደ ሰውነቴ አስጠግቼ ያዝኩ። ይህንንም የተማርኩት ከናካቶ ነው። መንገድ ዳር ትኩስ ሮሌክስ፣ እንቁላሉ ከተጠቀለለበት የቻፓቲ ቂጣ እየሾለከ፣ ቆሜ በላሁና ሌላ ታክሲ ያዝኩ።

ካምዎክያ

የመጀመሪያ ቀን ናካቶ እግሬ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ሽንቴ ያመልጠኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለቱም የለም። መርምራኝ ስታበቃ ነጠላውን ፈታችና «ይህን ለቤተ ክርስቲያን አድርጊው» አለችኝ። «የተሰበረ ነገር የለሽም። ጡንቻሽ ፈርቶ ነው የተቆለፈው፤ የሚፈታው ደግሞ መተኛት ሳይሆን መንቀሳቀስ ነው።» ከዚያ ወዲህ በእግር መሄድና ቤት የምሠራቸው እንቅስቃሴዎች መድኃኒቴ ሆኑ።

ዛሬ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ፊቷንም እንደ ሽማግሌ ኮስተር አደረገች።

«አባትሽ እኔ ነኝ። ነይ።»

ሳቄ መጣ። «ጉልበትሽን ላላ አድርጊ፤ ከዳሌሽ ታጠፊ» አለች። ጎንበስ ስል ግማሽ ላይ ወገቤ ቆንጠጥ አደረገኝ።

«ያዘኝ!»

«አመመሽ ማለት ተጎዳሽ ማለት አይደለም። እዚያው ሆነሽ ተንፍሺ።»

ተነፈስኩ። ቀስ ብሎ ለቀቀኝና ከንፈሬ ጉልበቷ ላይ ደረሰ። ናካቶ ባለፈው ያስተማርኳትን አማርኛ ደፈር ብላ «ተባረኪ፣ ልጄ!» ስትል ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

ኪሱጉ

ቤት ስደርስ አባዬ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ሸብተዋል። ፌስታሎቹን አስቀምጬ፣ ተንፍሼ፣ ጎንበስ አልኩ። አንዱን ጉልበት ሳምኩ፤ ሌላውንም ደገምኩ። ሲያስፈራኝ የከረመው ይኸው ነበር። አባዬ ራሴን ስመው መረቁኝ።

ከዚያ ሊነሱ ሲሉ ወገባቸውን ያዙ።

«ምነው አባዬ?»

«አውሮፕላኑ ውስጥ መቀመጥ ብቻ ሆነና ወገቤን ያዘኝ። አልጋ አንጥፊልኝ፤ ነጠላ ካለሽም ጠበቅ አድርገሽ እሰሪልኝ።»

ባለቤቴ ፍራሽ ሊያመጣ ተነሳ። በእጄ አስቆምኩት።

«እግርዎን ይደነዝዝዎታል? ሽንትስ?»

«ኧረ ምንም የለኝም።»

«እንግዲያስ አልጋው ይቆየን። ቀስ ብለው ይነሱ፣ አባዬ፤ እስከ መንገዱ አብረን እንሂድ።»

ነጠላውን አመጣሁ፤ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩላቸው። እያጉረመረሙ ክንዴን ይዘው ወጡ። መጀመሪያ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር፤ በሩን ስናልፍ ግን ቀና አሉ። ከዚህ ሁሉ ሕመም የተማርኩት፣ የታመመን መውደድ «አትነሺ» ማለት ብቻ እንዳልሆነ ነው።

የቦዳው ነጂ ሲያየን ሞተሩን አስነሳ። «ማዳም፣ እንሂድ?»

«ምን ይላል?» አሉኝ አባዬ።

«ላድርሳችሁ ነው የሚለው።»

ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ አዩና ክንዴን ጠበቅ አደረጉ።

«በእግራችን ነን በይው።»