በሰይድ መዳፍ

የልጅ ልጄ መቅደስ ደሴ ነርስነት ትማራለች። ባለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ከተማ እኔ ዘንድ መጥታ፣ የተጠበሰ ዓሣ በልተን ሳንጨርስ እጄን ሳበችው።

«እማማ፣ ክንድሽን በራስሽ መዳፍ ልለካው፤ ፈተና አለብኝ።»

«አንቺ እጅ የለሽም?»

«የተቃጠለ ሰው የሚለካው በራሱ መዳፍ ነው። መዳፍ ከነጣቶቹ ከገላው መቶ እጅ አንዱ ነው። ሕፃንን በትልቅ ሰው እጅ ከለካሽው፣ ብዙ ተቃጥሎ ሳለ ትንሽ ይመስልሻል።»

እጄን ነጠቅኋት። አጥንት ያነቀኝ መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ትቼ ከእናቴ ጋር ገበያ ምስር እሸጥ ነበር። በትልቅ ጣሳ ገዝተው በትንሽ ጣሳ ከሚሸጡት ጋር ስጣላ ስለምውል፣ ነጋዴዎቹ «ዳኛዋ መጣች» ይሉኛል። ለስድብ ነው፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ቤታችን በአርዲቦ ሐይቅ በኩል ነበር። ጤፉ ታጭዶ በተከመረበት ሰሞን፣ ህዳር ሲታጠን የተለኮሰውን ቆሻሻ ነፋስ አነሣና ክምሩን አያያዘው። የስድስት ዓመት እህቴ የሺ ከክምሩ ሥር ተኝታ ነበር። ጎረቤታችን ሰይድ ዘሎ ገብቶ አወጣት። ሁለቱም ተቃጠሉ። በቃሬዛ ተሸክመን ከተማው ክሊኒክ ስንደርስ የተቃጠለው ጭድ ሽታ ከነጠላችን አልለቀቀም ነበር።

ወደ ደሴ የምትሄደው መኪና ወላድ ጭናለች፤ የቀረው ቦታ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ጢም ያላወጣው ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰሩ፣ «የባሰበት ይሄዳል» አለ። የሰይድን መዳፍ ወረቀት ላይ አሳርፎ ወረቀቱን በልኩ ቆረጠና፣ ቁስሉን ሳያስነካ ከጀርባው በላይ እያዛወረ ቆጠረ። አሥራ ሁለት። ቀጥሎ የየሺን እጅ ሌላ ወረቀት ላይ አኖረ። ያችን ሚጢጢ እጅ ሳይ ደሜ ፈላ።

«ቆይ፤ ለሱ በትልቅ፣ ለኛ በትንሽ?»

«እህቴ፣ ይሄ እኮ...»

«ይሄ ምን? ለሁሉም በአንድ መስፈሪያ ስፈር።»

«ልጅቱ እውነቷን ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሌላውም አጉረመረመ። ድሬሰሩ ላቡን ጠረገ፤ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። እሱም የተጠራጠረ መሰለኝ። በሰይድ መዳፍ የሺን ቆጠራት። ስምንት።

ሰይድ ሄደ። የሺን ታቅፌ ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ ውሃ ውሃ ትላለች። በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። እናቴ «የእግዜር ሥራ ነው» አለች። ሰይድ ጀርባው ተጨማዶ ሲመለስ «ምነው እኔን ትታችሁ ልጅቷን በላካችኋት» ብሎ አለቀሰ።

መቅደስ ውሃውን ይዛ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። አሰበችና፣ «በራሷ መዳፍ እኮ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ይሆን ነበር» አለች። ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። «እማማ፣ ልጅ ነበርሽ። ማወቅ የነበረበት እሱ ነው።»

«እሱማ ሊያደርገው ነበር። ያስቆምኩት እኔ ነኝ።»

በእድራችን ሰው «አላወቅሁም» ብሎ ምሕረት ሲለምን፣ አይሆንም፣ ይቀጣ የምለው እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት አለፈ፤ እኔን እስካሁን የጠየቀኝ የለም።