የበረንዳውን መብራት ማን ያብራው

ቶሎ ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ባለፈው ኅዳር አባዬ ከሳሎን ወደ ፊት በር በሚያወርዱት ሁለት ደረጃዎች ላይ ወድቆ ግንባሩ ሲፈነከት፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ማቀፍ ሳይሆን መጮህ ነበር። "ምን ልትሠራ ተነሣህ? ቁጭ በል አላልኩህም?" አልኩት፣ ደሙን በፎጣ እየጠረግሁ። ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ ግላኮማ ዐይኑን ይዞበት ብርሃንና ጥላ ከመለየት ብዙም አያልፍም።

የምሠራው ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ፣ ኒው አልባኒ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። ጠዋት ወጥቼ ቤት የምደርሰው በፈረንጅ ሰዓት አምስት ተኩል፣ አባዬ በሚቆጥረው ደግሞ አስራ አንድ ተኩል ላይ ነው። በዊንተር ያን ጊዜ ኮሎምበስ ጨልሟል። ባሌ ከሄደ ቆይቷል፣ ልጆቼም ሥራ ይዘው ሌላ ስቴት ገብተዋል። ብሌንደን ታውንሺፕ ባለችው ቤቴ ያለነው እኔና አባዬ ብቻ ነን።

ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ኮሎምበስ ዳር ባለችው ደብሊን ነው የሚኖረው። የኮምፒውተር ሰው ነው፤ ቤቱ ሰፊ፣ ሚስቱም ከቤት የምትሠራ። አባዬ በወደቀ ማግስት መጥቶ "እትዬ፣ በቃ፣ እኔ ጋ ይሁን" አለኝ። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ። አባዬን ስንጠይቀው "ከዚህ አልሄድም" አለ፤ ለምን ስንለው መቁጠሪያውን ያገላብጣል። በስንት ጭቅጭቅ ተስማማን። ቤቱን ለእሱ እናመቻችና እስከ ጥምቀት እንሞክረው፤ አንዴ እንኳ ጨለማ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ከተገኘ ደብሊን ይገባል።

"እንግዲያው ሃብ ያስፈልግሻል" አለ ወንድሜ። ሃብ ማለት አምፖሉን፣ ማሞቂያውን፣ የበሩን ቁልፍ አገናኝቶ ሁሉንም የሚያዝ ትንሽ ሳጥን ነው። አምፖል ከመቀየር አልፌ የማላውቀው ሴትዮ ለሁለት ሳምንት በየብሬኩ የሃብ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። አንዱ ያለ ኢንተርኔት ዋጋ የለውም፣ ሌላው ከራሱ ድርጅት አምፖል በቀር አያውቅም። ኧረ በስመአብ! ባል ሳገባ እንኳ ያን ያህል አልመረጥኩም።

በመጨረሻ በድምፅ የሚታዘዘውን ገዛሁ። ዐይን አይፈልግ፣ ቃል ብቻ። አባዬ "ላይት ኦን" ማለትን በአንድ ቀን ለመደ። ሳሎኑ ቦግ ሲል "እሰይ! ይሄስ ታዛዥ ነው፣ እንዳንቺ መልስ አይሰጥም" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ለወንድሜ ኮል አድርጌ ጉራዬን ነዛሁበት።

በሳምንቱ ከሥራ ስመጣ ቤቱ ድቅድቅ ብሏል። በሩን ከፍቼ በስልኬ ሳበራ አባዬ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሟል። አንድ እጁ ግድግዳውን ይዳስሳል፣ አንድ እግሩ አየር ላይ ነው፣ ከንፈሩ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ዳዊት እየደገመ ነው። ሮጬ ስይዘው እጁን አነሣና "እህ! እህህ!" አለኝ፤ ቆይ ማለቱ ነው።

የሠርክ ጸሎቱን በራሱ ሰዓት አስራ አንድ ላይ ይጀምራል። አንዴ ከጀመረ ቤቱ ቢቃጠል ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። ልጆች ሆነን ወጥ ሲያርር እንኳ በዚያች "እህ" ነበር የሚጠቁመን። ይህን እያወቅሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እያየሁት፣ በዚያ ሰዓት ለማይናገር ሰው ካልተናገሩት የማይሠራ ዕቃ ገዛሁለት። ወይ እኔ!

ካፖርቴን ሳላወልቅ ይዤው ቆምኩ። አሜን እንዳለ ፈነዳሁ። "ላይት ኦን ማለት ምን ይከብዳል?"

"በጸሎት መሃል ከዕቃ ጋር አላወራም።"

"ታዲያ ለምን ትነሣለህ? ዳዊቱን በቃልህ ነው የምትደግመው፣ መብራት ምን ያደርግልሃል?"

"ለእኔማ ምን ያደርግልኛል" አለ፣ ቀስ ብሎ። "በሩ ጋ ያለውን ማብሪያ ተጭኜ የበረንዳውን ላበራልሽ ነው እንጂ። ባልሽ ከሄደ ጀምሮ ስንት ዓመት ብቻሽን ጨለማ ቤት ገባሽ። እኔ እያለሁ አይሆንም።"

"የወደቅህ ቀንም?"

"ያን ቀንም።"

የማደርገው ጠፋኝ። ጮኼበት ነበር እኮ፣ ደሙ እየፈሰሰ። ግንባሩን፣ ጠባሳው ላይ ሳምኩት፤ እንባዬ ፊቱን አራሰው። እኔ እሱን የማኖር መስሎኝ ስንገበገብ፣ ለካ እሱም እኔን ትቶ ላለመሄድ ነው እንቢ ያለው።

ከወንድሜ መደበቅ ይቻል ነበር፤ አልደበቅሁትም። ሁሉንም በስልክ ነገርኩት። ቅዳሜ ዕለት መጣ፤ አባዬን ሻንጣ አስይዞ ሊወስደው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሌላ ሃብ ይዞ ነበር። "ቀላል ነው፣ ሲመሽ መብራቱ ሁሉ ራሱ እንዲበራ ፕሮግራም አደርገዋለሁ። ማንም አይነሣም" አለ።

አባዬ ከወንበሩ ሆኖ፣ "ራሱ ከበራማ እኔ ምን ሠራሁ?" አለ።

ወንድሜና እኔ ተያየን። ያ የኮምፒውተር ሰው ዐይኑን እየጠረገ መሬት ላይ ተቀመጠና ሥራውን እንደገና ጀመረ። ይሄኛው ሃብ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል፤ በጣት በሚጫኑት ቁልፍም ይታዘዛል። የውስጡ መብራት ሲመሽ ራሱ እንዲበራ አደረገው። የበረንዳውን ግን ለብቻው ለየና ብስኩት የምታክል ቁልፍ አባዬ ዳዊቱን በሚያስቀምጥበት አትሮንስ ጠርዝ ላይ ለጠፈለት። አባዬ የምመጣበትን ሰዓት በመዝሙሩ ነው የሚያውቀው፤ አንድ መዝሙር ላይ ሲደርስ፣ ቃሉን ሳያቋርጥ፣ በጣቱ ጫን ያደርጋታል። ጥምቀት አለፈ፤ ደብሊንን ያነሣ የለም።

ባለፈው ሐሙስ በረዶ ሊጥል ነው ተብሎ ከመጋዘን ቀደም ብለው ለቀቁን። ሰፈራችን ስደርስ ሰማዩ ከብዷል፣ በረንዳው ግን ገና አልበራም። መኪናዬን ወደ ቤታችን ድራይቭዌይ ላስገባ ስል አንድ ነገር ያዘኝ። ወደ ኋላ መለስ ብዬ ጎረቤት ደጃፍ አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ፤ አባዬ መምጣቴን እንዳይሰማ። የትራፊክ መብራት እንኳ መጠበቅ የማልችለው ሴትዮ ብርዱ እግሬን እየቆረጠኝ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ።

በረንዳው በሰዓቱ በራ። እኔም ገና ከሥራ እንደመጣ ሰው መኪናዬን አስነሥቼ ገባሁ።