ለነጥቧ ተነሣን

ጅዳ ያለችው እህቴ ስልኳን ስትከፍት ከስሟ ጎን አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። ያቺን ነጥብ ባየሁ ቁጥር ሰቆጣ፣ አራተኛ ክፍል እመለሳለሁ።

እህቴንም ያስተማራት መምህራችን ለክፍላችን ድረ ገጽ ሠርቶ ፎቷችንን ለጥፎበት ነበር። ከፎቶው ሥር የዓለም ካርታ አለ፤ ሰው ገጹን ሲከፍት ያለበት አገር ላይ ነጥብ ይበራል። ያን ቀን ኮምፒውተሩን ክፍል አምጥቶ አሳየን። የጋለ ላስቲክና የአቧራ ሽታ እየሸተተን ኔትወርኩን ጠበቅን። ድንገት ከቀይ ባሕር ማዶ ነጥብ በራች።

"አሁን ጅዳ ያለ ሰው እኛን እያየ ነው" አለ መምህሩ።

ሁላችንም ከአግዳሚያችን ብድግ አልን። ሰው ክፍል ሲገባ እንደምናደርገው ባንድ ድምፅ "እንደምን አደሩ!" ብለን ጮኽን።

መምህሩ ሊስቅ ቃጣውና ተወው። በር ላይ የቆሙት ሽማግሌው ዘበኛ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ከዚህ የሄደ ልጅ ነው እንጂ፣ እኛን ብሎ ማን ይመጣል?" አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ትናንት ይህንን ለእህቴ አጫወትኳት።

"አሠሪዎቼ ሲወጡ በልጃቸው ኮምፒውተር ገጹን እከፍተው ነበር" አለችኝ። "አንተን ፈልጌ።"

"ተነሥተንልሽ ነበር" አልኳት።

ነጥቧ እንደበራች ቆየች።