የአባባ ደምሴ ነጭ እብነ በረድ

ልጅ ሆኜ የሰማሁት ተረት ሁሉ ስለ ድንጋይ ነው። ሌላው ልጅ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሲሰማ፣ እኔ ቂርቆስ ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ጠባብ ግቢያችን፣ ከጎረቤታችን ከአባባ ደምሴ የከሰል ምድጃ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ተራራ እንዴት እንደሚቆረጥ እሰማ ነበር። ያኔ ክረምት በገባ ቁጥር መብራት አመሻሹ ላይ ይጠፋል፤ አባባ ፋኖሱን ለኩሰው ምስማር ላይ ይሰቅሉና፣ የበቆሎ እሸት ፍሙ ላይ እያገላበጡ፣ ዓይናቸውን የሚያስለቅሳቸውን ጭስ እየተሳደቡ ይጀምራሉ።

አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወደ ምዕራብ፣ እብነ በረድ ከሚወጣበት ካባ የሠሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው ተረት ተራራው ሰው ነው፤ ያውም ደንጋጣ። «በድማሚት ስትመቺው ክው ይላል» ይሉኛል። «ውጪውን ስታዪው ደህና ነው። አዲስ አበባ ድረስ ጭነሽ አምጥተሽ ስትቆርጪው ግን ውስጥ ውስጡን ተሰነጣጥቆ ታገኚዋለሽ። በቃ፣ ይጣላል! ካወጣነው የሚበዛው ገደል ነው የገባው። ድማሚቱን የምቀብረው ደግሞ እኔ!» እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

ከዚያ ደስ የሚለው ይመጣል። ከዓመታት በኋላ የአልማዝ ፍንካች ያለበት ሽቦ መጣላቸው፤ ተራራው ተበስቶ ሽቦው ይገባና፣ ውሃ እየፈሰሰበት፣ ሳሙና በክር እንደሚቆረጥ ድንጋዩን ቀስ አድርጎ ይቆርጠዋል። ውሃው እንኳ ጉድጓድ ውስጥ ጠልሎ ተመልሶ ይሠራበታል። «መጀመሪያ በሽቦ የቆረጥን ቀን ተራራው አልደነገጠም» ይላሉ አባባ። ያን ቀን ሳይሰነጠቅ ከወጣው ድንጋይ አንድ ነጭ ጠፍጣፋ ተሰጥቷቸው ደጃፋቸው ላይ አንጥፈውት ነበር። «በዕድሜዬ ሳልሰብር ያወጣሁት እሱን ነው። የትም ብሄድ አብሮኝ ይሄዳል» ይሉኛል።

የቀረውን ግቢ ደግሞ፣ እብነ በረድ ቆራጮች ደጃፍ የሚጣለውን ቁርጥራጭ በማዳበሪያ እየለቀሙ አነጠፉት። ሁሉንም በአሸዋ ላይ ብቻ ስላስቀመጡት፣ በረገጥነው ቁጥር ቋ ይላል። እናቴ «ምናለ አባባ፣ ትንሽ ሲሚንቶ ቢያስነኩት!» ስትላቸው «ኤዲያ! ሲሚንቶ የያዘው ድንጋይ ሳይሰበር ይነሳል እንዴ? ይሄ ሰፈር እንደሆነ አንድ ቀን መፍረሱ አይቀርም» ይሏታል። ሰፈሩ ይስቅባቸው ነበር።

አንድ ክረምት ነጩ ድንጋይ ከእግራቸው ሥር ተንሸራተተና አባባ ወደቁ። ጉልበታቸው አብጦ ያነክሱ ጀመር። ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። እህታቸውን ሊጠይቁ ደብረ ብርሃን በሄዱበት ሰሞን፣ ጎረቤት ግድግዳ ሲያስጠግን የተረፈውን ሲሚንቶ በጣሳ በጥብጬ፣ የነጩን ድንጋይ ዙሪያውንና ሥሩን ጠቀጠቅሁበት።

በአራተኛው ቀን ተመለሱ። ደጃፋቸውን ሲረግጡ ድንጋዩ ዝም አለ። እሳቸውም ቆሙ።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ! እንዳይወድቁ ብዬ!» አልኳቸው በኩራት።

ጎንበስ ብለው ዳሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ያ ሁሉ ቁጡ ሰው፣ ጭስ የሚሳደብ ሰው፣ አልተቆጡኝም። «እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ» ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ተረቱን ሲነግሩኝ ስለ ነጩ ድንጋይ ያለውን ይዘሉታል። እኔ ደግሞ የረሱት እየመሰለኝ አስታውሳቸው ነበር! ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ሰፈራችን ሲፈርስ እኔ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። ለእኛም ለአባባም ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። በመጨረሻው ቅዳሜ አባባ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዘዙን፣ እኔና ወንድሜ የግቢውን ንጣፍ በእጃችን አነሳነው፤ ድንጋዩ አንድም ሳይሰበር ከአሸዋው ይላቀቃል። ጎረቤት በሲሚንቶ ያስነጠፈው ግን በዶማ እየተፈረካከሰ ወጣ። ያን ሳይ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ነጩ ብቻ ቀርቶ ነበር። መሮና መዶሻ ይዤ ዳር ዳሩን ስቆረቁር አባባ «ተዪው በቃ» ይሉኛል፤ አልሰማቸውም። ጧ አለና መሃል ለመሃል ለሁለት ተከፈለ።

መሬት ተቀምጬ አለቀስኩ። «ይቅር ይበሉኝ አባባ! ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው…»

«ኤዲያ! ተነሺ ከዚያ!» አሉኝ። «ስንት ተራራ ሳስደነግጥ የኖርኩ ሰውዬ፣ አንቺን በአንድ ድንጋይ ልቆጣ? እኔም ያኔ ድማሚቱን የቀበርኩት ይጠቅማል ብዬ ነው። በይ ሁለቱንም አንሺያቸው፤ አይጣሉም።»

ቁርጥራጮቹ ዛሬም ጎተራ፣ የብሎካችን መግቢያ ላይ ተነጥፈዋል። የነጩ አንዱ ግማሽ እስኪያርፉ ድረስ በአባባ መስኮት ላይ ነበር፤ አሁን ሁለቱም በእኔ መስኮት ላይ ናቸው፣ ጎን ለጎን፣ ምንም ሳይያዙ። ኩባያ ሳስቀምጥባቸው ቋ ይላሉ፤ ያቺን ድምፅ እወዳታለሁ።

በቀደም ከሥራ ስገባ ልጄ ሙጫ ይዛ መስኮቱ ሥር ቆማለች። «እማዬ፣ እንዳይወድቅብሽ ብዬ!» አለችኝ። ሙጫው ገና አልተከፈተም። «እግዜር ይስጥሽ» አልኳትና ሙጫውን ተቀብዬ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ከዚያም ተረቱን፣ ከድማሚቱ ጀምሬ እስከ መሮው፣ ምንም ሳልዘል ነገርኳት።