በላም ያረሱት ሰዓት ሠሪ

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ከአባቴ ወንበር ፊት ለፊት፣ አንዲት ጀርመን ሠራሽ ሰዓት ተሰቅላለች። አባቴ በወጣትነታቸው መንገድ ሥራ ላይ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። አብሯቸው የሠራ ጀርመናዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ከካምፑ ግድግዳ ላይ አውርዶ «ያንተ ትሁን» ብሎ ሰጣቸው።

ሰዓቷ አንድ ደቂቃ አታዛንፍም። ችግሯ ደወሏ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ጊዜ ትደውላለች፤ ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሦስት ብቻ ደውላ ዝም ትላለች። ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ ሰዓት የሚጠግኑ አንድ ሀጂ አሉ፤ ሁለት ጊዜ ፈትተው፣ ዘይት ቀብተው፣ «ጤነኛ ናት፤ የምታወራው ግን አይገባኝም» ብለው መለሷት። አባቴ ጥፋቱን ለጀርመን አልሰጡም። «ደጋው ነው፤ አየሩ ሳስቶባት ነው» ይላሉ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ኋላ ስለማፍርበት ከወዲሁ ልናገረው።

ከሁላችንም የተጎዱት አጎቴ ናቸው። በጠዋቱ አውቶቡስ አዲስ አበባ ሊሄዱ ከደብረ ኤልያስ መጥተው እኛ ቤት አደሩ። የተኙበት ክፍል መስኮቱ የእንጨት ስለሆነ ሲዘጋ መንጋቱም አይታወቅ። ጎህ ሲቀድ፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰዓቷ ስድስት ጊዜ ደወለች። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄደዋል ብዬ ክፍሉን ላጸዳ ስገባ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ተኝተዋል።

«አጎቴ፣ አውቶቡሱ አላለፈዎትም?»

«አልፎኛል እንጂ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ስድስት ስትደውል ሰማሁ። እኩለ ቀን ከሆነማ ከእንግዲህ ወዴት እሮጣለሁ ብዬ መልሼ ተኛሁ።»

እውነቱን ሲያውቁ ወንድማማቾቹ ተኳረፉ። አባቴን ያሳሰባቸው ግን ኩርፊያው ሳይሆን የሰዓቷ ስም መጥፋቱ ነበር።

«ለሠሪዎቿ ጻፊላቸው» አሉኝ።

ፊቷ ላይ ያለውን ስም በስልኬ ፈለግሁ። ድርጅቱ እስከ ዛሬ አለ። ፎቶዋን፣ ከጀርባዋ የተቀረጸውን ቁጥርና የደወሏን ነገር በእንግሊዝኛ ጽፌ ላክሁ። በሳምንቱ መልስ መጣ። የጻፈችልኝ የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። ስለ ደወሉ ዋናውን ሠራተኛዋን ጠይቃ እንደምትጽፍ ነግራኝ፣ እስከዚያው የድርጅቱን ታሪክ ላከችልኝ። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ እኔ እያነበብሁ ተረጎምሁላቸው።

ቅድመ አያቷ ጫካ በበዛበት ደጋ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። በብርዱ ወራት በረዶው ደጁን ሲዘጋው እሳት ዳር ተቀምጠው ከእንጨት ሰዓት ይጠርባሉ፤ በረዶው ሲቀልጥ የሠሩትን በጀርባቸው ተሸክመው መንደር ለመንደር እየዞሩ ይሸጣሉ። ልጃቸው የሰዓት ፋብሪካ አቋቋመ። ጦርነት መጥቶ ፋብሪካው ሌላ ነገር እንዲያመርት ሲታዘዝ፣ ሚስቱ የሰዓት መሥሪያዎቹን ድንች የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ደብቃ አቆየች። ከጦርነት የተረፈውን ድርጅት ኋላ ባትሪ የሚበሉት ርካሽ ሰዓቶች ሊያዘጉት ምንም አልቀራቸው። ዛሬ ጥቂት ሠራተኞች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው በእጃቸው ይሠራሉ።

አባቴ ይህን ሁሉ ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ያዙ።

«ገበሬ ነበሩ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ስንት ጥማድ በሬ ነበራቸው?»

«እሱን አልጻፈችም።»

«ጠይቂያት።»

እያፈርሁ ጠየቅኋት። በማግስቱ መለሰች፦ በሬ አልነበራቸውም፤ ድሆች ስለነበሩ በሁለት ላሞቻቸው ነበር የሚያርሱት፤ ማታ ደግሞ ያልቧቸዋል። አባቴ ወደ ሰዓቷ ዞረው፣

«በላም?» አሉ።

«በላም።»

«ጎረቤት ምን አለ?»

«እሱንም ልጠይቃት?»

«ተይው፤ ቤተሰቧ ነው፣ ይከፋታል።»

የደወሉ ነገር በዚሁ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ተጽፎ ነበር። «ሰዓታችሁ አልተበላሸችም። የምትደውለው በእኛ አቆጣጠር ነው። አንድ ሰው ደወሉን ትቶ አጭሩን ቆጣሪ ብቻ በጣቱ ወደ እናንተ አቆጣጠር ገፍቶታል» ትላለች። ከሰባት ላይ ስድስት ሲቀነስ አንድ። ቤተሰቡ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ።

ያዳኑኝ አባቴ ናቸው። «እኔ ነኝ። በኛ ሰዓት አድርግልኝ ስለው መሐንዲሱ በጣቱ ገፋ አደረገልኝ» አሉ።

መላው ቀላል ነበር፤ አጭሩን ቆጣሪ ደወሉ ወደሚለው ቁጥር መመለስ፣ ከዚያ ሰዓቷን ስድስት ሰዓት ሙሉ አቁሞ እንደገና ማስነሳት። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አቆምናት። አባቴ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ በየመሐሉም «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይሉኛል። ስልኬን ሳሳያቸው «ይኸ ደግሞ የማን ሥራ ነው?» እያሉ በጥርጣሬ ያዩታል። ሰባት ሰዓት ላይ ራሳቸው ተነሥተው ከሥሯ የሚወዛወዘውን ዘንግ ነካ አደረጉት። ስምንት ሰዓት ሲሞላ ስምንት ደወለች። በጣታቸው ቆጥረው ሲጨርሱ «አማርኛ ቻለች» አሉና ለአጎቴ ስልክ እንድደውልላቸው ጠየቁኝ።

«ጥፋቱ የሰዓቷ አልነበረም» አሏቸው።

«የማን ነበር ታዲያ?»

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔ ነበር።»

አጎቴ ሳቁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጡም ነገሯቸው።

ሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ ሰዓቷ ሁለት ደወለች። ሁልጊዜ ወደ ትምህርት ቤት የምወጣው ስምንት ስትደውል ስለነበር ገና ነው ብዬ ሌላ ሻይ ቀዳሁ። ትምህርት ቤት ስደርስ ክፍለ ጊዜው ተጋምሷል፤ አንዱ ተማሪዬ ጠመኔ ይዞ፣ እኔኑ መስሎ ያስተምራል። ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አስጨረስሁት። ደኅና ያስተምራል።