ያጣሁት ሽታና የሚስስ ቾይ ራዲሽ

መጀመሪያ ያረረው ሽንኩርት ነው። ፌርፋክስ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ሠሪ ነኝ። ያን ሰሞን ኃይለኛ ጉንፋን ይዞኝ ሰንብቶ ገና ወደ ሥራ መመለሴ ነበር። ትልቁን ድስት ጥጄ ሽንኩርቱን እያቁላላሁ ሳለ የቤቱ ባለቤት ሰናይት እየሮጠች ገባች።

«እትዬ ጽጌ፣ ምን ሆነሽ ነው? እያረረ ነው እኮ! ሽታው ከስተመሮቹ ጋ ደርሷል!»

ጎንበስ ብዬ ሳየው ታቹ ጠቁሯል። ጭሱን መሳቢያው ስለወሰደው በዓይኔም አላየሁትም። ማማሰያውን ይዤ ድስቱ ላይ ቆሜ ነበር። ምንም አልሸተተኝም።

ቤት ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ አሸተትኩ። ነጭ ሽንኩርት ወቀጥኩ። የኮምጣጤውን ጠርሙስ ከፈትኩ። የባሌን የበላቸውን ካልሲ ሳይቀር ሞከርኩት። የለም። ሁሉም እንደ ውሃ ሆነብኝ።

ፓሳዴና ያለ የአንገት በላይ ሐኪም በቀጭን ካሜራ አፍንጫዬን አየ። «አኖስሚያ ይባላል» አለኝ። «ቫይረሱ የማሽተት ነርቭሽን ጎድቶታል። ብዙ ሰው ይመለስለታል። ላንቺ መቼ እንደሚመለስ ግን ልነግርሽ አልችልም።» በየጠዋቱና በየማታው የማሸተው ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍና ጽጌረዳ አዘዘልኝ። የሽታ ልምምድ ነው። ሌላ መድኃኒት የለውም።

ምግብ ተውኩ። እንጀራው አፌ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ሆነ። ልብሴ ሰፋኝ። ሰናይት ደግ ናት፣ ከሥራ አላስወጣችኝም። ሽንኩርት ከታፊ አደረገችኝ። በኔ ድስት ላይ ሌላ ሰው ሲቀምስ ማየት ከሕመሙ የባሰ ነበር። ጠዋት ከአልጋ መውረድ አስጠላኝ።

የምንኖረው ኮሪያታውን፣ ኮሪያውያን የሚበዙበት ሰፈር ነው። ፊት ለፊታችን ያለው በር የሚስስ ቾይ ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጎንበስ ያሉ፣ ቁጡ ሴትዮ። አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያው ክፍል አገኙኝና የእጄን አንጓ ያዝ አድርገው በጣቶቻቸው ለኩት። በቋንቋቸው ተቆጡኝ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ገብተው ክዳን ያለው ሳሕን ይዘው ተመለሱ። «ኢት» አሉኝ፣ ብዪ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ብዙም የማይበልጥ እንግሊዝኛ ነው ያላቸው።

በርበሬ የለበሰ፣ በትንንሹ የተከተፈ ራዲሽ የሚሉት ነጭ ሥር ነበር። ካክዱጊ ይሉታል፤ የራዲሽ ኪምቺ፣ በበርበሬ ተለውሶ የቦካ የኮሪያ አትክልት ነው። ሳልፈልግ አንዱን አነሳሁ። ጥርሴ ሲያገኘው ኩርሽም አለ። ቀዘቀዘኝ። ኮመጠጠኝ። ከዚያ አቃጠለኝ፣ ግንባሬን አላበኝ። ሳሕኑን እዚያው ቆሜ ጨረስኩት።

ሐኪሙ ስነግረው ሳቀ። «ማቃጠሉ በሌላ ነርቭ፣ በትራይጀሚናል ነው የሚሄደው። እሱ አልተጎዳም። ኮምጣጣውን ደግሞ ምላስሽ ያውቀዋል። ጨጓራሽ ከቻለው ብዪ።»

ታዲያ እኔ ሳሕን ይዤ የሰው በር የማንኳኳ ሰው አይደለሁም። ሚስስ ቾይ ሲሠሩ አንድ ጊዜ አየሁና በቤቴ ልሞክር ተነሳሁ። የነሱ በርበሬ ለዘብ ይላል፤ እኔ ደግሞ ቁም ሣጥን ሙሉ የራሴ በርበሬ አለኝ። የኛ እያለ የሰው ለምን እገዛለሁ ብዬ ራዲሹን በሱ ለወስኩት። ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ነጭ አዝሙዱ ሁሉ ያለበት በርበሬ፣ ሳይበስል! ይህን የምታነብ ሴት አሁን ፊቷን እንዳጨማደደች አውቃለሁ። አፍንጫ ቢኖረኝ እኔም ባጨማደድኩ።

በላቸው ቀመሰ። «ፐርፌክት ነው» አለና ውሃ ጠጣ። እኔም ኮርቼ ብልቃጡን ሙሉ ለሚስስ ቾይ ወሰድኩ። አንድ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አላመጡ። ቆም አሉ። ሄደው መታጠቢያው ላይ ተፉት።

«ኖ» አሉኝ። «ኖት ኪምቺ።»

ክው አልኩ። ከዚያ እንባዬ መጣ። ከታመምኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ «ይጣፍጣል፣ ምንም አልሆንሽም» ሲለኝ ነበር። ደህና ሰው እንደሆንኩ ቆጥረው፣ ያበላሸሁትን ተበላሽቷል ያሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያስቀየሙኝ መስሏቸው ሶፍት ሰጡኝ። ቀጥለው ግን ቢላዋ ሰጡኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁ የኔ፣ ምላሱ የእሳቸው ሆነ። የእሳቸውን እጆች ማየት እንዴት ያለ ጥጋብ ነው! ሲመዝኑ አላየሁም። ራዲሹን ሲገዙ አንስተው የሚከብደውን ይመርጣሉ፤ በእኩል ከትፈው ጨውና ትንሽ ስኳር ነስንሰው ውሃውን እስኪተፋ ይተዉታል፣ ከዚያ ያጠሉታል እንጂ አያጥቡትም። መጀመሪያ የኮሪያውን ሻካራ በርበሬ ብቻ አልብሰው እስኪቀላ ያሹታል፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ የዓሣ መረቁና ቀጭኑ የሩዝ ገንፎ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ብልቃጡን እስከ አፉ አይሞሉትም፣ ሲቦካ ይነሳልና። ውጪ አድሮ ኮምጠጥ ሲል ወደ ፍሪጅ ይገባል። እኔ በጾም ጊዜ የዓሣውን መረቅ ትቼ ጨው እጨምራለሁ፤ እሳቸው ቀምሰው ከንፈራቸውን ያጣምማሉ፣ ግን አይተፉትም።

በራዲሹ አጠገብ ሩዝ ገባ፣ በሩዙ አጠገብ እንቁላል ገባ፣ ሳላስበው ልብሴ ልክ ሆነ። ሽታው መመለስ ሲጀምር ደግሞ ጠምሞ መጣ፤ ፓሮስሚያ ይሉታል። ቡናው የተቃጠለ ላስቲክ፣ ቁሌቱ የበሰበሰ ነገር ሸተተኝ። ሐኪሙ «ነርቩ እየተጠገነ ነው» ብሎ ደስ አለው። እኔን ደስ ያለኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ይህ የደረሰባችሁ ሁሉ፣ አፍንጫ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። ልምምዱን ሰልችቷችሁ አትተዉት። ጋዝና ጭስ አይሸታችሁምና የቤታችሁ አላርም መሥራቱን አረጋግጡ። ትኩስ ምግብ ካስጠላችሁ ቀዝቃዛውን፣ የሚንኮሻኮሸውን፣ ኮምጣጣውን ሞክሩ። ሚስስ ቾይን በምን ቋንቋ እንደማመሰግናቸው አላውቅም፤ ከእያንዳንዱ ብልቃጥ የመጀመሪያው የእሳቸው ነው።

ስለ በላቸው ግን አንድ ነገር ሳልል አልጨርስም። ሽታው ጠምሞብኝ ብዙ ከቆየ በኋላ አንድ ጠዋት ወተት ላወጣ ፍሪጁን ከፈትኩና ጮህኩበት።

«በላቸው! ይሄ ፍሪጅ እንዲህ እየገማ ዝም ትላለህ? ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል እኮ!»

ጢሙን እየተላጨ ነበር፤ ፊቱ ግማሽ አረፋ እንደሆነ መጣ።

«ኪምቺ ከጀመርሽ ወዲህ እንዲሁ ነው» አለኝ። «ወተቱም፣ ቅቤውም፣ የኔ ጃኬትም። ዛሬ ገና ሸተተሽ?»

ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። የፍሪጁን በር ሳልዘጋ እዚያው ቆሜ አሸተትኩ።