ማሽኑ «ክፍት ነው» ያለው የእማዬ ዓይን

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እማዬን ይዤ አያት አካባቢ አዲስ የተከፈተ የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። ከቀበና ሁለት ታክሲ ቀይረን ነው የደረስነው። ክሊኒኩን የመረጥኩት እኔ ነኝ... ምክንያቴ? ቴሌግራም ላይ የማሽናቸውን ፎቶ አይቼ!

እማዬ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። መብራት ሲጠፋ ወይ አመሻሽ ላይ ዓይኗን ይወጋታል። አክስቴ በግላኮማ፣ በዓይን ግፊት በሽታ፣ አንድ ዓይኗን ስላጣች፣ በእማዬም እንዳይደገም ቤቱ በሙሉ ፈርቷል።

ማሽኑ በመስታወቱ ግድግዳ አጠገብ እንደ ሙሽራ ቬሎ ወደ አስፋልቱ ዞሮ ቆሟል። ፀሐዩ ቧ ብሎ ገብቷል። ወጣቱ ዶክተር ዓይኗን ሳይነካ ፎቶ አነሳና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ታማሚዋ እሷ፣ ገለጻው ለእኔ!

«ይኸው፣ ዓይን ውስጥ ያለው ውሃ የሚፈስበት ጥግ ይሄ ነው። ማሽኑ በማይክሮን፣ በሚሊሜትር ሺኛ፣ ለክቶታል። ክፍት ነው፣ ምንም የለባቸውም።»

እማዬ ቀስ ብላ «ዶክተር፣ እኔን እኮ የሚያመኝ ጨለማ ላይ ነው። መብራት አጥፍታችሁ ብታዩኝስ?» አለች።

«ማዘር፣ ማሽኑ እኮ ጨለማ ብርሃን አይልም!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ... ዲግሪ አለኝ እንግዲህ።

እማዬ ግን አልተዋጠላትም። ሐሙስ ዕለት የድሮ ተማሪዋ የዓይን ዶክተር ሆና ወደምትሠራበት የመንግሥት ሆስፒታል ካልወሰድከኝ ብላ ድርቅ አለች። ሄድን። የግድግዳው ቀለም ተልጧል፣ የመመርመሪያው ገመድ በፕላስተር ተጠቅልሏል። አፍንጫዬን ነፋሁ ማለት ይቻላል።

ዶክተሯ መጀመሪያ ያደረገችው መብራቱን ማጥፋት ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ ጨምራ መስታወት ያላት ትንሽ ሌንስ ዓይኗ ላይ አስቀመጠች። እኔ በልቤ «በማይክሮን የተለካውን በዚች ብርጭቆ ልትሽረው ነው?» እላለሁ። እሷ ሌንሷን ወዲያ ወዲህ አዙራ አየችና ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ጥጉ እኮ በአብዛኛው ተዘግቷል።»

ክሊኒኩ ያነሳውን የዓይኗን ፎቶ በኩራት አወጣሁ። አየችውና «ብርሃን ላይ ነው አይደል የተነሱት?» አለችኝ። «ብርሃን ላይ ብሌን ይጠባል፣ ጥጉም ይከፈታል። ጨለማ ላይ ብሌኑ ሲሰፋ ጥጉ ይደፈናል። ማሽኑ ጥፋት የለበትም፣ ክፍሉን አጨልመው ቢያነሷቸው ይታይ ነበር። ዝም ቢባሉ ኖሮ ግን የዓይናቸው ግፊት አንድ ቀን በድንገት ጨምሮ ዓይናቸው ሊጠፋ ይችል ነበር።»

የዚያኑ ቀን በሌዘር ለውሃው ትንሽ ማለፊያ ቀዳዳ ሠራችላት። እኔ እማዬን ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ።

ቅዳሜ ንዴቴን ይዤ አያት ሄድኩ። ወጣቱ ዶክተር ሰምቶኝ ሲያበቃ ምንም አልመሰለውም።

«እሱን እኮ እናውቃለን። የማሽኑ ስልጠና ላይ ክፍሉን አጨልሙ ብለውናል።»

«ታዲያ መጋረጃ ማድረግ ምን ያቅታል?»

«ባለቤቱ እምቢ አለ። መጋረጃ ከተደረገ ማሽኑ ከመንገድ አይታይማ!»

የእናቴ ዓይን ሊጠፋ የነበረው የአያት መንገደኛ ማሽን እንዲያይ ነው።